በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ክብካቤን ለነርሶች በርቀት ማስተማር፦ በጎንደርና በዙሪያዋ ላሉ መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ነርስ ሥራውን ሳይለቅ ሁለተኛ ዲግሪውን በርቀት ሲማር ብዙ መምህራን ቀድሞ የሚታያቸው የጎደለው ነገር ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሩቅ ነው፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ተማሪው ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ ደክሞታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ክብካቤን ለመማር ግን የርቀት ተማሪው ግቢ ውስጥ ከሚውለው ተማሪ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ታካሚው፣ የዋርዱ ልማድና የመድኃኒት መደርደሪያው በየዕለቱ ከፊቱ ናቸው። ትምህርቱ ከዚያ መነሳት አለበት። የሚከተለው መመሪያ ጎንደር ከተማ ተቀምጠው በደባርቅ፣ በመተማ፣ በቆላ ድባ ወይም በዚያው በከተማው የሚሠሩ ነርሶችን ለሚያስተምሩ መምህራን የታሰበ ሲሆን፣ ስምንት ሳምንት ገደማ ለሚወስድ አንድ ኮርስ ይበቃል።

ነርስ ታካሚን ራሱ መርምሮ የሚወስንበት፣ ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ መሥራቾቹ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ነርስ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ናቸው። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርቡት ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚን መርምረው የሚወስኑና ከፍ ያለ ክሊኒካዊ ሥልጠና የሚወስዱ ነርሶች ናቸው። ተማሪን ሥራው ባለበት ቦታ ማስተማር ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በቡድን አሰማርቶ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያለማምድ ነበር። አሁን የተለወጠው መምህሩ አብሮ አለመሄዱ ነው።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ትምህርቱ ምን እንደሆነ መምህሩ ለራሱ ቁርጥ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በሰጡት ትርጓሜ መሠረት፣ ጉዳዩ በጊዜው የተገኘውን ምርጥ የጥናት ማስረጃ ከባለሙያው ልምድና ከታካሚው ፍላጎት ጋር አዋሕዶ መወሰን ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በርቀት በሚሰጡ ኮርሶች ላይ የሚታየው ችግር ግን ኮርሱ ቀስ በቀስ የምርምር ዘዴ ትምህርት ወደ መሆን ማዘንበሉ ነው፤ ተማሪው ስለ ናሙና አወሳሰድ ሲጻጻፍ ከርሞ፣ በመጨረሻ ለአንድም ታካሚ የተለየ ነገር ሳያደርግ ፈተናውን ያልፋል።

መሰናዶ፦ ተማሪውን ከነሥራ ቦታው ማወቅ

ኮርሱ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ቅጽ ይላክለት። ቅጹ የሚጠይቀው የትኛው ዋርድ ወይም ክፍል እንደሚሠራ፣ በብዛት የሚያያቸው ታካሚዎች እነማን እንደሆኑ፣ የተረኝነት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚዞር፣ ምን ዓይነት ስልክ እንዳለው፣ ኮምፒዩተር ማግኘት የሚችለው የትና መቼ እንደሆነ፣ እንዲሁም ኔትወርክ የሚሻለው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ነው። መልሱ የኮርሱን መልክ ይወስናል። ከተማሪዎቹ ገሚሱ የሌሊት ተረኛ በሚሆኑበት ሳምንት የቀጥታ ውይይት መያዝ ጉልበት ማባከን ነው።

ከዚያም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ተማሪው በሥራ ቦታው መረጃ እንደሚሰበስብና በኋላም አንዲት ትንሽ የአሠራር ለውጥ እንደሚሞክር ከወዲሁ ይታወቅለት። በዚያው ተቋም ልምድ ያላት አንዲት ነርስ ወይም ልምድ ያለው ጤና መኮንን በአማካሪነት ቢመደብ በጣም ይረዳል። አማካሪው የጥናት ዘዴ አዋቂ መሆን የለበትም፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ዋርዱን ማወቁና ተማሪውን በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ ማነጋገሩ ነው።

ማስተማሪያው በሦስት መንገድ እንዲደርስ አድርጎ ማዘጋጀት ይመከራል። አንደኛው የታተመ ሞጁል ነው፤ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም ይነበባል። ሁለተኛው በፍላሽ የሚሰጥ ሲሆን ጽሑፎቹን፣ የድምፅ ትምህርቶቹንና የመገምገሚያ ቅጾቹን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ሦስተኛው ለዕለት ተዕለት ግንኙነት የሚያገለግል የቴሌግራም ቡድን ነው፤ በእኔ አስተያየት አሥር ደቂቃ የሚሆን የድምፅ ትምህርት ሁለት ሰዓት ከሚፈጅ የቪዲዮ ንግግር ይልቅ ለመድረስም ለመሰማትም ይቀላል። ሙድል የተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሥርዓት ያለው ተቋም የስልኩን መተግበሪያ ተጠቅሞ ጽሑፎችን አስቀድሞ ማውረድ እንደሚቻል ለተማሪዎቹ ያሳይ። የቀጥታ ውይይቱ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአርባ ደቂቃ ሳይበልጥ ይሁን፤ ያመለጠው ተማሪ ቅጂውን ያገኛል። ስለ ቴሌግራሙ አንድ ጥብቅ ሕግ ይውጣ፦ የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ፊት ወይም ማንነትን የሚያሳውቅ ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይለጠፍም።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ከዋርዱ ጥያቄ ማውጣት

ለዚህ ደረጃ ሁለት ሙሉ ሳምንት መስጠት ይገባል። ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሱታል፤ ነገር ግን በደንብ ያልተጠየቀ ጥያቄ የቀጣዮቹን ሳምንታት ሥራ በሙሉ ያበላሻል።

የመጀመሪያው ሳምንት ተግባር መታዘብ ብቻ ነው። ተማሪው በየሺፍቱ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚባሉ ሦስት ነገሮችን ይመዝግብ፤ ለምን እንደሚደረጉ አንድ የሥራ ባልደረባ ይጠይቅና የተሰጠውን መልስ እንዳለ ይጻፍ። «ፕሮቶኮሉ ነው»፣ «ዶክተሩ ስላዘዙ»፣ «ስንማር እንዲህ ነበር» የሚሉት መልሶች ራሳቸው መነሻ ይሆናሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከተመዘገቡት አንዱ ይመረጥና ፒኮ በሚባለው መንገድ በአራት ይከፈላል፤ ታካሚው ማን ነው፣ ሊደረግለት የታሰበው ምንድን ነው፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ የሚጠበቀው ውጤትስ ምንድን ነው።

በአዋቂዎች ዋርድ የምትሠራ ተማሪ፣ ፈሳሽና መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ ስለሚተከለው ቀጭን ቱቦ «ካኑላ በየስንት ቀኑ ይቀየር?» ብላ ብትጽፍ መምህሩ ጥያቄውን ራሱ አስተካክሎ ባይመልስላት ይሻላል። በድምፅ መልእክት እንዲህ እያለ ይጠይቃት፦ «ሲስተር፣ የምታስቢያቸው ታካሚዎች አዋቂዎች ብቻ ናቸው ወይስ ሕፃናትም አሉበት? አሁን በዋርዳችሁ በስንተኛው ቀን ነው የሚቀየረው? እንዲቀንስ የምትፈልጊው የደም ሥር መቆጣትን ነው፣ ኢንፌክሽንን ነው ወይስ ወጪን?» ከሁለት ወይም ከሦስት ምልልስ በኋላ ጥያቄዋ «በሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ አዋቂዎች ላይ ካኑላን ምልክት ሲታይ ብቻ መቀየር፣ በየሦስት ቀኑ ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር የደም ሥር መቆጣትን ይጨምራልን?» ወደሚል ይደርሳል። ምልልሱ በቡድኑ ውስጥ ለሁሉም እንዲሰማ ቢደረግ ሌሎቹ ተማሪዎች ከእርሷ ጋር ይማራሉ፤ ይህ በአካል በሚሰጥ ክፍል ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ማስረጃውን መፈለግ

ይህ ደረጃ አስቸጋሪ ቢመስልም በፍጥነት የሚለመድ ነው። ተማሪው የፒኮውን ክፍሎች ወደ እንግሊዝኛ ቃላት ይለውጥ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ቃላት ይጻፍ። ከዚያ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ይፈልግ፣ ውጤቱ ከበዛበት በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑትን የተደራጁ የጥናት ግምገማዎች ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጠቀም። እንዲህ ያሉ ግምገማዎች የሚገኙበትን የኮክሬን ላይብረሪ አስቀድሞ ማየት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ሙሉ ጽሑፍ ለማግኘት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ሂናሪ የተባለው የጤና ጽሑፎች ማግኛ ፕሮግራም በአነስተኛ ገቢ አገሮች ላሉ ተቋማት ክፍት ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በመጀመሪያው የቀጥታ ውይይት ላይ ተገኝቶ አገባቡን ያሳይ። በአገር ውስጥም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና ከጆአና ብሪግስ ተቋም ጋር የሚሠራው ማዕከል የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ያዘጋጇቸውን ግምገማዎች ስለሚያወጣ ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

ኔትወርክ የሌለው ተማሪ ፍለጋውን በወረቀት ላይ ይንደፍ፤ ቃላቱን ጽፎ ይላክና ከተማ ያለ የቡድን ጓደኛው ይፈልግለት። ለትምህርቱ ዋናው ነገር ፍለጋውን ማቀድ ስለሆነ በዚህ የሚጎድልበት ነገር የለም። ተማሪዎች ቻትጂፒቲን መጠየቃቸው የማይቀር ነው፣ መከልከሉም ብዙ አያዋጣም፤ ነገር ግን መሣሪያው ያልተጻፈ ጥናት ፈጥሮ ሊጠቅስ ስለሚችል፣ ማንኛውም የተጠቀሰ ጥናት በፐብሜድ ተገኝቶ መለያ ቁጥሩ ካልተጻፈ እንደሌለ እንዲቆጠር ሕግ ይውጣ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ማስረጃውን መመዘን

እዚህ ላይ መምህሩ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንዲያነብ ቢያደርግ ይመረጣል። ለካኑላው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመውን የአውስትራሊያ ጥናት መጠቀም ይቻላል። በኩዊንስላንድ በሚገኙ ሦስት ሆስፒታሎች 3283 አዋቂ ታካሚዎች በዕጣ ተመድበው፣ የአንዱ ቡድን ካኑላ በሦስተኛው ቀን ሲቀየር የሌላው ምልክት ሲታይ ብቻ ይቀየር ነበር፤ የደም ሥር መቆጣት የታየው ከሁለቱም ቡድኖች በ7 በመቶው ላይ ነው።

ተማሪው ቁጥሩን ከማመኑ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልስ። ታካሚዎቹ በእርግጥ በዕጣ ተመድበዋልን? ቀጣዩ ታካሚ የት እንደሚመደብ መዳቢው አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበርን? ጥናቱን ሳይጨርሱ የቀሩት ስንት ናቸው? ውጤቱን የመዘነው ሰው ታካሚው የየትኛው ቡድን እንደሆነ ያውቅ ነበርን? የመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ ውይይት ያስነሳል፤ ካኑላ መቀየሩን ከነርሷም ከታካሚውም መደበቅ አይቻልምና፣ ይህ የጥናቱን ውጤት ምን ያህል ሊያዛባ እንደሚችል ተማሪዎቹ ይከራከሩበት። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰውን፣ 9 ጥናቶችንና 7412 ታካሚዎችን ያካተተውን የኮክሬን ግምገማ ያንብቡ። እርሱም በደም ሥር መቆጣትና በደም ኢንፌክሽን ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም፤ ሆኖም ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ መፍሰሱና ካኑላው መደፈኑ በየጊዜው በሚቀየርላቸው ታካሚዎች ላይ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ማጠቃለያውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህን ሳያይ ያልፋል፤ ስለዚህ መምህሩ «ግምገማው ምን ጉዳት አገኘ?» የሚል ጥያቄ አይርሳ።

ነርሶች ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት ስታቲስቲክሱን ነው። መድኃኒቱ በስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ማሠራት ነው። አንድ ሕክምና ሞትን በ25 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ቢነገር፣ ከ1000 ሕፃናት 40 ይሞቱ በነበረበት ቦታ ሟቾቹ ወደ 30 ይወርዳሉ፤ አንድ ሞት ለማስቀረት 100 ሕፃናትን ማከም ያስፈልጋል ማለት ነው። ከ1000 ሕፃናት 4 ብቻ በሚሞቱበት ቦታ ግን በዚያው 25 በመቶ ሟቾቹ ወደ 3 ቢወርዱ፣ አንድ ሞት ለማስቀረት 1000 ሕፃናት መታከም አለባቸው። ተማሪው ይህን ስሌት የራሱን ጤና ጣቢያ ቁጥር አስገብቶ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ «በመቶ ይህን ያህል ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር በቀላሉ አያሳምነውም።

አራተኛው ደረጃ፦ «ለእኛ ታካሚ ይሆናል ወይ?»

ከደረጃዎቹ ሁሉ በሰፊው መሠራት ያለበት ይህ ነው፤ ተማሪው የሚያገኘው ማስረጃ አብዛኛው ሌላ አገር የተሠራ ነውና። ለማሳያነት ከእትብት እንክብካቤ የተሻለ ርእስ አላውቅም።

በኔፓል፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን የተሠሩ ጥናቶች እትብትን ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ መቀባት የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ሊቀንስ እንደሚችል አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 30 እና ከዚያ በላይ ጨቅላዎች በሚሞቱባቸው ቦታዎች ቤት ውስጥ ለሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን እንዲቀባ አለ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በዛምቢያና በታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ታተሙ፤ የሞት ቅነሳ አላገኙም። የሁለቱ ቦታዎች የመነሻ ሞት ከደቡብ እስያዎቹ ያነሰ ነበር። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩን ለውጦ፣ እትብትን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝን አስቀደመ፤ ክሎርሄክሲዲንን ያስቀረው ጎጂ ባህላዊ ነገሮችን እትብት ላይ ማድረግ ለተለመደባቸው ቦታዎች ብቻ ነው።

አሁን ተማሪዎቹ ይወስኑ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የጨቅላ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1000 29፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 33 ነበር፤ የ2014ቱ ምክር ያሰመረው የ30 መስመር በሁለቱ መካከል ያልፋል ማለት ነው። በ2019ኙ ጥናት ከወላዶች በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ነበሩ። በተማሪው ቀበሌ እናቶች እትብት ላይ ቅቤ ይቀባሉን? የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ካላወቀ አምስት እናቶችንና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቆ ይምጣ። ስለ ጉዳቱም ያስብበት፤ ክሎርሄክሲዲን ዓይን ላይ በስህተት ተደርጎ ጉዳት ያደረሰባቸው አጋጣሚዎች ከአፍሪካ አገሮች ተመዝግበዋል፣ አራሷም የዓይን ቅባትና የእትብት ቅባት በአንድነት ይዛ ወደ ቤት ልትሄድ ትችላለች። የደባርቅ ተማሪና የከተማዋ ተማሪ የተለያየ መልስ ይዘው ቢመጡ ሁለቱም ሙሉ ማርክ ሊያገኙ ይችላሉ።

ለጎንደር ተማሪ ሌላም ቅርብ ምሳሌ አለ። በመተማና በሑመራ ቆላ ለሚይዘው፣ ካላዛር ለተባለው የጥገኛ ተሕዋሲ በሽታ፣ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት በአንድ ጊዜ በኪሎ 10 ሚሊግራም ሲሰጥ በሕንድ እጅግ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ጎንደርን ጨምሮ ሲሞከር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው መጠን በቂ ፈውስ ስላላመጣ ጥናቱ እንዲቆም ተደርጓል። ጥገኛ ተሕዋሲውና መድኃኒቱ በስም አንድ ቢሆኑም ውጤቱ አንድ አልሆነም። ይህን ከዚሁ ከተማ የተገኘ ማስረጃ ያየ ተማሪ «ይህ ለእኛ ይሆናል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ለፈተና ሲል የሚጠይቀው አይመስለኝም።

አምስተኛው ደረጃ፦ በዋርዱ ላይ ትንሽ ለውጥ መሞከር

ወደ ካኑላዋ ተማሪ እንመለስ። ማስረጃው ምልክት ሲታይ መቀየርን ይፈቅዳል፤ ምልክቱን ግን አንድ ሰው ማየት አለበት። በኩዊንስላንድ ሆስፒታሎች የነበረው የነርስ ብዛት በእርሷ ዋርድ የለ ይሆናል፤ ሌሊት አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ የምትይዝ ከሆነና የካኑላው ቦታ በየሺፍቱ የማይታይ ከሆነ፣ የሦስት ቀኑን ልማድ ማንሳት ታካሚውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊለወጥ የሚገባው ቦታውን የማየቱ ሥራ ይሆናል።

ተማሪዋ ለሁለት ሳምንት በዋርዷ ያሉትን 30 ካኑላዎች ትመልከት፤ የተተከለበት ቀን ተጽፏልን፣ ቦታው በየሺፍቱ መታየቱ ተመዝግቧልን፣ ከ0 እስከ 5 በሚሰጠው የደም ሥር መቆጣት መለኪያ ስንት ያገኛል። ከዚያ ከዋርዱ ኃላፊ ጋር ተነጋግራ የካኑላውን መመርመሪያ መስመር በሺፍት መረካከቢያው ላይ ታስገባ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሌሎች 30 ካኑላዎችን ትመልከት። ለዚህ የሆስፒታሉን የጥራት ክፍል ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ውጤቱ ለኅትመት የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠየቅ። 30 ካኑላ ትንሽ ነው፤ ለውጡ ሠርቷል ብሎ ለማወጅ አይበቃም፣ ዋርዱ ምን ያደርግ እንደነበር ለማሳየት ግን ይበቃል። አንዳንዴ ተቃውሞ ይነሳል፤ ጀማሪ ነርስ ለበላይዋ «ጥናቱ እንዲህ ይላል» ማለት ቀላል አይደለምና፣ መምህሩ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍና በዋርድ ስብሰባ ላይ በአምስት ደቂቃ እንዴት እንደሚቀርብ ያለማምዳት።

ምዘናው

የጽሑፍ ፈተና ብቻውን በርቀት ማን እንደሠራው ስለማይታወቅ ግማሹን ማርክ ለሥራው መዝገብ መስጠት ይሻላል፦ የመታዘቢያ ማስታወሻው፣ የጥያቄው ረቂቆች በሙሉ፣ የፍለጋ ቃላቱ፣ የመገምገሚያ ቅጹና የካኑላ ወይም የሌላ ጉዳይ መረጃው። ቀሪው ግማሽ በስልክ የሚደረግ የሃያ ደቂቃ የቃል ፈተና ይሁን፤ መምህሩ አንድ አዲስ ታካሚ ይግለጽለትና ተማሪው ከጥያቄ እስከ ውሳኔ እንዴት እንደሚሄድ ያስረዳ። ለጥያቄዎቹ አቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፍሬስኖ ፈተና ጥሩ አርአያ ነው፤ ምርጫ ከማስመረጥ ይልቅ ተማሪው አስቦ እንዲጽፍ ያደርጋልና፣ ታሪኮቹን ግን ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ኬዞች መለወጥ ያስፈልጋል።

የተማሪዎቹ የአንድ ገጽ ማጠቃለያዎች በፍላሽ ተቀምጠው ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፉ። በእያንዳንዱ ላይ ፍለጋው የተካሄደበት ቀን በጉልህ ይጻፍ፤ የአዲሱ ዙር ተማሪዎች የመጀመሪያ የፍለጋ ልምምድም ከዚያ ቀን ወዲህ ምክሩን የሚለውጥ ጥናት ወይም ጋይድላይን መውጣት አለመውጣቱን ማጣራት ይሁን።